በአባት እጅ የገባ ሣር

ካፒቴን ኸይረዲን ቃሲም አብዶ ይባላል፤ ዕድሜው አርባ አንድ ነው። ተወልዶ ያደገው ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ በጨፋ ሸለቆ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር በምትገኝ ማሽላ አብቃይ መንደር ነው። ርግብ አየር መንገድ በሚባል፣ ትንንሽ አውሮፕላኖቹን ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች በሚያመላልስ የግል ድርጅት ዋና አብራሪ ሲሆን፣ ከዓመት ወዲህ ደግሞ የአብራሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። በመንደሩ ግን ካፒቴን ብሎም ሊቀ መንበር ብሎም የሚጠራው የለም። «የቃሲም ልጅ፣ የአይሮፕላኑ ሹፌር» ይሉታል፤ እሱም ማረሙን ከተወ ቆይቷል።

ማኅበር መምራት አውሮፕላን ከመምራት ይልቅ ያደክማል። አውሮፕላን ወደ ግራ ሲጠመዝዙት ወደ ግራ ይዞራል። አብራሪዎች ግን እንዲህ አይደሉም። ግማሾቹ «ማኅበር የፋብሪካ ሠራተኛ ነገር ነው፤ እኛን ምን አግብቶን» ይላሉ። የቀሩት ስብሰባ ሲጠራ በረራ አለብን ብለው ይቀራሉ፤ የዕረፍት ቀናቸው ሲሰረዝ ደግሞ «ይህ ማኅበር ምን ሊሠራ ነው የተቋቋመው?» እያሉ ያማርራሉ። አንድ አንጋፋ ካፒቴንማ «ከሥራ አስኪያጁ ጋር በአንድ ማዕድ የቆረስኩ ሰው እንዴት በእሱ ላይ ፊርማዬን አኖራለሁ?» ብሎ ነበር። ኸይረዲን ያን ቀን ማታ፣ እንጀራ መቁረስና መብት መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለተማረ ሰው ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያንገፈግፍ ለሚስቱ ለሳሚያ ነገራት።

አስተዳደሩ በበኩሉ የሚመካበት አንድ ነገር ነበረው። በረራዎቻችን ሁሉ ማለት ይቻላል በሰዓታቸው ይነሣሉ ይላል። እንዴት እንደሚነሡ ግን መናገር ያስፈልጋል። በርግብ ቤት አውሮፕላን ተነሣ የሚባለው በሩ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋል፤ ነዳጅ ባይሞላም፣ ሻንጣ ባይጫንም ይዘጋል። ተሳፋሪው በተዘጋ በር ውስጥ ላቡን እየጠረገ ተቀምጦ ሳለ፣ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ደመና ሰንጥቆ በመሄድ ላይ ነው። በድምፅ ማጉያው ይቅርታ የሚጠይቀው ኸይረዲን ነው፤ ለጥሩ አፈጻጸም የምስክር ወረቀት የሚቀበለው ግን ሥራ አስኪያጁ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ አብዱልፈታህ የባቲ ነጋዴ ልጅ ነው። አንደበቱ ለስላሳ፣ ቢሮው ግን ሰው የሚያስጠብቅ ነው። «እኛ ቤተሰብ ነን» ማለት ይወዳል። ማኅበሩ የተመሠረተ ዕለትም «በቤተሰብ መካከል ማኅበር ገብቶ ምን ያደርጋል?» ብሎ በሐዘን ጠየቀ። ቤተሰብ የተባሉት ሰዎች ከጸሐፊዋ ክፍል አልፈው እሱን ለማየት ሳምንት ይጠብቁ ነበር።

ነገሩ የከረረው በረዳት አብራሪዋ በኢማን ምክንያት ነው። ኢማን የደሴ ልጅ፣ ለሙያው አዲስ፣ ለሥራዋም ጥንቁቅ ናት። በ2002 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ቀን ከቀን ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣች ስትበር ከሰነበተች በኋላ፣ ከኸይረዲን ጋር ለማረፍ ሲወርዱ ዓይኗ ተከደነ። ኸይረዲን መሪውን ተረክቦ አሳረፈ። እንደቆሙም «ካፒቴን፣ ለመብረር ብቁ አይደለሁም። የሚቀጥለውን አልበርም» አለች። ይህን ማለት መብቷ ብቻ ሳይሆን ግዴታዋ ነው፤ የሙያው ሕግ የደከመ አብራሪ አይበር ይላል። ተተኪ አልተገኘምና በረራው ተሰረዘ። በሳምንቱ ኢማን ድርጅቱን ለኪሳራ ዳርጋለች ተብላ ከሥራ ተሰናበተች። ማኅበሩ ክርክሩን የአሠሪና ሠራተኛን ጉዳይ ለሚመለከተው ቦርድ አቀረበ። ዓይኗ ሲከደን ያየ ከኸይረዲን በቀር ሰው የለም። እሱ ቀርቦ ካልመሰከረላት፣ ሰነፍና እምቢተኛ የሚለው ስም ከእሷ ጋር በሄደችበት አየር መንገድ ሁሉ ይሄዳል። ቀጠሮው ረቡዕ ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቱ ደወሉ።

«ያ ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «ነገ ና።»

«አባባ፣ ምን ተፈጠረ? እማ ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዳ አለብኝ። ና ብያለሁ።»

ኸይረዲን እሑድ በሌሊት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ሚኒባስ ከሚሴ ገባ። ወደ መንደሩ የሚሄደው ባጃጅ አልሞላም ነበርና ሹፌሩ ሰው እየጠራ ያቆየው ጀመር።

«የቃሲም ልጅ አይደለህ? እኛ እስክንሞላ ነው የምንጠብቅ፤ እናንተስ ዘንድ እንዴት ነው?» አለው ሹፌሩ።

«እኛ በር ዘግተን ነው የምንጠብቅ» አለ ኸይረዲን።

«ወላሂ? ሰዉስ ዝም ይላል?»

«ወዴት ይወርዳል?»

ሹፌሩ ሳቀ። ኸይረዲን አልሳቀም።

ቤት ሲደርስ በግቢው ግራር ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል። አባቱ አሉ፤ የመንደሩ ሸህ አብዱልጀባር አሉ፤ የአባቱ ጎረቤት ጋሽ ኡመር አሉ፤ በመካከላቸው ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው አቶ አብዱልፈታህ ነው። ኸይረዲን ሥራ አስኪያጁን ያለ ከረባት ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ለማያውቅ ማስረዳት ይገባል። በዚያ ሸለቆ የበደለ ሰው ሲለምን፣ ከወንዝ ዳር እርጥብ ሣር ነጭቶ በእጁ ይዞ ይመጣል። ሣር የያዘን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነው። የተበደለው ሣሩን ተቀብሎ «አውፍ ብያለሁ»፣ ይቅር ብያለሁ፣ ካለ፣ ነገሩ ሞተ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በዳኛ ፊት ማንሣት የተቀበረን ከማውጣት አይለይም። አባቱ ሀጂ ቃሲም ራሳቸው በዚህ ልማድ የከበሩ ሰው ናቸው። በበጋ ከቆላ የሚመጡ ከብት አርቢዎች ወደ ጨፋ ገብተው በግጦሽ ጠብ ሲነሣ፣ ከሁለቱም ወገን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸው አንድም ቀን ታጥፎ አያውቅም።

ሰላምታው ረዥም ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ፍሬ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቁ። ከዚያ ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኸይሩ፣ ይህ ሰው የአገር ልጅ ነው። ከልጃችሁ ጋር ተጋጭቻለሁ ብሎ መጣ።»

«ሸሆቼ፣ እኔና እሱ አልተጣላንም።»

«ካልተጣላችሁማ ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ኡመር። «አውፍ ማለት ምን ያከብድሃል?»

«ያልተጣላሁትን ሰው ምን ብዬ አውፍ ልበለው?»

«የተጣሉትን አውፍ ማለት ነው እንጂ ጭንቁ፣ ይኸማ ቀላሉ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኸይረዲን ትዕግሥቱን እንደ ቀበቶ አጥብቆ፣ ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ አዋጁ ማስረዳት ጀመረ። የሰውና የሰው ጠብ እንዳልሆነ፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚከራከሩበት ሥርዓት እንዳለ ተናገረ። ባስረዳ ቁጥር ሽማግሌዎቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ልጁ ምን ያህል እንደ ተቀየመ እየታያቸው።

«ወንድሜ ኸይሩ» አለ አቶ አብዱልፈታህ ዝግ ብሎ፣ «አዋጅ ለባዕድ ነው። እኛ ቤተሰብ ነን።»

አዲስ አበባ ላይ ወንድሜ ብሎት አያውቅም።

«ልጅቱ ግን ተኝታ ነበር ወይ?» ብለው ጋሽ ኡመር ጠየቁ።

«ደክሟት ነበር፣ ጋሼ። ስለደከማት አልበርም አለች፤ ጥፋቷ ይህ ነው።»

«እኔም በሬዬ ሲደክመው እፈታዋለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

«በሬዬ ግን ከፈታሁት በኋላ አይከሰኝም።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ ሥራ አስኪያጁም በትሕትና ፈገግ አለ። ይህኔ ነው ኸይረዲን የሰውዬውን እጅ ያየው። ባዶ ነበር።

«ለመሆኑ ሣሩ የታለ?» አለ።

ሳቁ ቆመ። ዓይኖች ሁሉ ወደ ሀጂ ቃሲም ዞሩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ሣሩ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ጫፉ ጠውልጓል።

«ትናንት ተቀበልኩት» አሉ። «ሣር ይዞ ደጄ የቆመን ሰው አንተ እስክትመጣ ፀሐይ ላይ ላቆየው? በአንተ ስም አውፍ ብያለሁ።»

«አባባ፣ ሳትጠይቁኝ?»

«ብጠይቅህ እምቢ ትል ነበር።»

ኸይረዲን መቆጣት እንደማያዋጣው ያውቃል፤ በዚህ ግቢ አዋጅ ጠቅሶ ያሸነፈ የለም። ስለዚህ በራሳቸው መንገድ ሄደ።

«ሸሆቼ፣ በአገራችን ሣር የሚቀበለው ማን ነው?»

«የተበደለው ነዋ።»

«እሱ ከሌለስ?»

«አባቱ። ታላቅ ወንድሙ።»

«እንግዲያው የተበደለችው ኢማን ናት። አባቷ ደሴ አለ። አባቴ አባቷ አይደለም፤ እኔም ወንድሟ አይደለሁም። ይህ ሰው ሣሩን ይዞ የሰው በር ስቷል።»

ሸህ አብዱልጀባር ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። «ሐቅ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ወደ እንግዳውም ዞሩ። «ሌላ ሣር ነጭተህ ወደ ልጅቱ ቤት ትሄዳለህ?»

«ሸሆቼ፣» አለ አቶ አብዱልፈታህ፣ «እሷ እኮ ተቀጣሪዬ ናት።»

«ቤተሰብ ነን አላልክም?» አሉት ሸሁ።

«ከኸይሩ ጋር ማለቴ ነው። የአገር ልጆች ነንና።»

ጋሽ ኡመር ፊታቸውን አዞሩ። ለአፍታ ያህል ኸይረዲን የረታ መሰለው። ሸሁ ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«የልጅቱ ነገር አልሞተም። ሣር አልቀረበላትም። ያንተ ግን ሞቷል፣ ኸይሩ። የቃሲም ቃል ወጥቷል።»

«ሸሆቼ፣ ያየሁላት እኔ ብቻ ነኝ። የእኔ አፍ ከተዘጋ የእሷ ነገር በምን ይቆማል?»

«ይህን አላህ ያውቃል» አሉ ሸሁ፤ ፋቲሓ ተቀርቶም ጉባኤው ተነሣ። አቶ አብዱልፈታህ የሀጂ ቃሲምን እጅ ስሞ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ወደ መኪናው ሄደ። በሩን ሲዘጋ በሰዓቱ ተነሣ ሊባል ይችላል፤ የፈለገውን ይዞ ነበር የሚሄደው።

ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ በማሽላው መካከል ሄዱ። ሀጂ ቃሲም አንዱን ራስ ጎንበስ አድርገው ፍሬውን በጥፍራቸው ሞከሩት።

«ብትመሰክር አልረግምህም» አሉ። «ያየኸውን አትናገር የሚል ዲን የለም። ግን የቆላው ከብት ሊመጣ ነው። የግጦሽ ጠብ ሲነሣ ሣር ይዤ በመካከል ብቆም፣ ቃሉን የገዛ ልጁ ያፈረሰበት ሽማግሌ ነው ብለው ማን ይቀበለኛል? ያኔ የሚፈሰው ደም የማን ነው?»

«እሱስ ይህን አስልቶ አይደለም የመጣው?»

«አስልቷል። አሁን ገባኝ። ትናንት ግን ያየሁት ሣሩን ብቻ ነበር።»

ኸይረዲን አንድ ዓመት ሙሉ አብራሪዎችን ቤተሰብና መሥሪያ ቤት ለየቅል ናቸው ሲል ከርሟል። እነሆ የገዛ ቤተሰቡን መለየት አቃተው።

ማክሰኞ አዲስ አበባ ሲገባ ስልኩ ጮኸ። ኢማን ነበረች።

«ካፒቴን፣ ነገ ጧት ነው። አይረሱም አይደል?»

«አልረሳም» አላት። እውነቱን ነበር፤ ግን መልስ አልነበረም። እሷም «አላህ ያክብርልኝ» ብላ ዘጋች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን፣ ረቡዕ ጧት ከአባትህና ከኢማን የማንን አንገት ታስደፋ ነበር?