ደሴና ኮምቦልቻ ቡፌው ላይ

መኪያ ሁለቱን አሮጌ የኔትወርክ ራውተሮች ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ጉርድ ሾላ ያመጣቻቸው በታክሲ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲቀይር «ከፈለግሻቸው ውሰጃቸው» ብሏት ነው። የታክሲው ረዳት የብረት ሣጥኖቹን አየት አድርጎ፣ «እህት፣ ዛሬም ዴክ የሚያይ ሰው አለ እንዴ?» አላት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

እናቷ እትዬ ሸሪፋ ግን አልሳቁም። «ይኼን ኮተት ደግሞ የት ልታደርጊው ነው?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ራሳቸው ቡፌው ላይ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አንስተው ቦታ ለቀቁላቸው። በማግስቱ ሁለቱም ሣጥኖች ነጭ ዳንቴል ለብሰው ተገኙ።

እኔ ከእነሱ አንድ ፎቅ በላይ ነው የምኖረው። መኪያን አብዛኛውን ጊዜ የማገኛት ደረጃው ላይ ነው፤ እኔ ወደ ሥራ ስወርድ እሷ ከሥራ ተመልሳ ትወጣለች። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ በሚገኝ የካርጎ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ የገባውን ዕቃ ስትመዘግብ ታድራለች። «እንዴት አደርሽ?» ስላት፣ «እኔ እንኳ ገና አላደርኩም» ብላ ትስቃለች።

ችግሯ ይኸው ፈረቃ ነው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። እሷ ስትወጣ እትዬ ሸሪፋ በሩን ቆልፈው ብቻቸውን ያድራሉ። «እኔን ምን ይበላኛል?» ይበሉ እንጂ ቴሌቪዥናቸው እስኪነጋ ሲያወራ ከላይ ሆኜ እሰማለሁ። ለመኪያ ነግሬያት አላውቅም፤ ግን ታውቃለች። ስለዚህ መሥሪያ ቤቷ ለኔትወርክ ክፍሉ በቀን ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከውስጥ እንደሚፈልግ ባስታወቀ ጊዜ ቀድማ ያመለከተችው እሷ ናት። ትምህርቱን ኮሌጅ ተምራዋለች፤ የቀራት ፈተናው ነው። እሱም በወረቀት ሳይሆን በእጅ ነው፤ ሁለት የማይነጋገሩ ራውተሮች ይሰጧትና ታነጋግራቸዋለች።

ቡፌው ላይ ያሉትን ለዚህ ነበር ያመጣቻቸው። አንዱን ደሴ አለችው፣ በእናቷ አገር። ሁለተኛውን ኮምቦልቻ አለችው፣ በአባቷ አገር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሲሪያል የሚባል ወፍራም ሰማያዊ ገመድ ነው። የገመዱ ሁለት ጫፎች ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ራውተር ምት ይሰጣል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው በዚያ ምት ይከተላል። ምት ሰጪ ከሌለ ሁለቱም በርተው ይቀመጣሉ እንጂ አንዲት ቃል አይለዋወጡም። መኪያ ምቱን የመስጠት ሥራ ለደሴ ሰጥታ፣ ክሎክ የሚባለውን ትእዛዝ እዚያ ጽፋለት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያወጉ ሰነበቱ።

የፈተናው ዋዜማ እሑድ ነበር። የእትዬ ሸሪፋ ታናሽ ወንድም ጋሽ አብዱልናስር ከደሴ ጭነት ይዘው መጥተው ስለነበር ምሳ ተሠርቷል፤ እኔንም ጠሩኝ። ስገባ መኪያ ቡፌው ሥር ተንበርክካ፣ ላፕቶፑን ወንበር ላይ አድርጋ ታቀረቅራለች። ለመጨረሻ ጊዜ ልለማመድ ብላ ብታበራቸው ተኳርፈዋል።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሽ አብዱልናስር።

«ደሴና ኮምቦልቻ አልገናኝ አሉኝ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ተደርጎ! ትናንት እኮ ነው ያለፍኩበት፤ መንገዱ ክፍት ነው!»

«ጋሼ፣ አታስቀኝ፤ ነገ ፈተና ነው።»

«መሃል ላይ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ ወርዶ ይሆናል። መብራት አብርተው ቀስ ብለው ይንዱ በያቸው።»

ሳቀችና ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ስክሪኑ መስመሩ እንዳለ፣ ንግግሩ ግን እንደሌለ ይናገራል። የሁለቱን አድራሻ አየች፤ ትክክል ነው። አንድ ዓይነት ቋንቋ መጠቀማቸውን አየች፤ አንድ ነው። ደሴ ላይ የጻፈችውን ክሎክ አየች፤ እዚያው አለ። አጠፋች፣ አበራች። ያው ነው።

«ቤቴ ያለውን ካላነጋገርኩ የሰው ዕቃ እንዴት ላነጋግር ነው?» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ።

«ተነሺ፣ ምሳ ብዪ» አሉ እትዬ ሸሪፋ። «የተራበ ሰው ምን ያያል?»

በላን። መኪያ ጎረሰች እንጂ አልበላችም። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ጋሽ አብዱልናስር ልጅቱ እንዳዘነች አዩና ጨዋታ ሊቀይሩ አሰቡ መሰለኝ፣ «እታለም፣ እስቲ ዛሬ እንኳ መንዙማ እንበል» አሉ። መንዙማ አውራጅና ተቀባይ አለው፤ አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ እያጨበጨበ ይቀበላል። ጋሽ አብዱልናስር እጃቸውን ለጭብጨባ አነሱ። እትዬ ሸሪፋም አነሱ። ሁለቱም ተያይተው ጠበቁ።

«አውርጂ እንጂ!» አሉ ወንድም።

«እኔ? እኔ እኮ ተቀባይ ነኝ። አንተ አውርድ።»

«እኔ መቼ አውርጄ አውቃለሁ? መኪና እየነዳሁ እንኳ መቀበል ነው የማውቀው።»

«ያንንስ መች አሳምረኸው!»

«እሺ፣ ማን ነበር የሚያወርድልን?»

«የመኪያ አባት ነበር» አሉ እትዬ ሸሪፋ። ግን በወንድማቸው ሁኔታ ፈገግ አሉ። ጋሽ አብዱልናስር እጃቸውን እንዳነሱ ቀርተዋልና። ሁለት ሰው፣ አራት መዳፍ፣ አየር ላይ፤ ጠብ የሚል ድምፅ የለም።

መኪያ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሳቅ አፈናት፤ እየሳቀች ከሶፋው ተስፈንጥራ ቡፌው ሥር ተንበረከከች።

«ልጂቱን ምን ነካት?» አሉ አጎቷ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ።

«እማ፣ ትናንት ስታጸጂ ገመዱን ነቅለሽው ነበር?»

«ታዲያስ! እንግዳ እየመጣ በአቧራ ልተወው? ደግሞ መልሼ ሰክቼዋለሁ» አሉ እትዬ ሸሪፋ በኩራት። «ሁለቱም ጋ ልክ ነው የገባው።»

ልክ ነው የገባው፤ ሁለቱም ጋ ይገባልና። ግን ተለዋውጦ ነው የገባው። ዳንቴሉ እጥፋቱ ሳይዛነፍ እንደ ድሮው ስለተመለሰ፣ መኪያ ሰው ነክቶታል ብላ አልጠረጠረችም፤ እስካሁን የምታየው ራሷ የጻፈችውን ብቻ ነበር። አሁን የገመዱ ጫፍ የትኛው እንደሆነ ራሱን ራውተሩን የሚጠይቀውን ትእዛዝ ጻፈች። ደሴ ተቀባይ ሆኗል። ኮምቦልቻ ደግሞ አውራጅ ተደርጎ ክሎክ የሰጠው የለም። ሁለቱም እጃቸውን አንስተው እየተጠባበቁ ኖሯል።

ጫፎቹን አለዋወጠች። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ።

«ተገናኙ!» ብላ ጮኸች።

«አልሃምዱሊላህ! ጭጋጉ ተገፈፈ በይኛ!» አሉ ጋሽ አብዱልናስር፤ ያነሱትን እጃቸውንም በመጨረሻ አጨበጨቡት።

እትዬ ሸሪፋ ግን ደነገጡ። «አፈር ስሆን፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለች መኪያ አንገታቸውን አቅፋ። «ደግነቱ ነገ ፈተናው ላይ አትኖሪም።»

እናት የክር ቅርጫታቸውን አወጡ። «አውራጁ የቱ ነው? አሳዪኝ» አሉና ከዳንቴል ክራቸው ቀዩን መርጠው በዚያኛው ጫፍ ላይ አሰሩበት።

የሰኞውን ነገር የሰማሁት ከራሷ ነው። ፈታኙ አቶ ላጲሶ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ዕቃውን አሳይተዋት ወንበር ሲስቡላት፣ እሷ መቀመጡን ትታ ከመደርደሪያው ጀርባ ዞረች።

«ምን ጠፋብሽ?»

«አውራጁን እየፈለግኩ ነው» አለች፤ ወዲያውም አፈረች።

ተመልሳ ተቀመጠችና ትእዛዙን ጻፈች። አውራጁ ተገኘ። ክሎክም አለው። ገመዱም ደህና ነው። ትናንት የተማረችው እዚህ ላይ አለቀባት። ግን ቀልቧ አውራጁ ላይ ስለነበር እሱኑ ደጋግማ ስታየው፣ ገመዱ የተሰካበት ፖርት በትእዛዝ መዘጋቱን አስተዋለች። መንዙማውን ይዞ አፉን የዘጋ ሰው ማለት ነው። ከፈተችውና፣ «በል አውርድ» አለች።

ሁለቱ ተገናኙ።

አቶ ላጲሶ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ሌሎቹ ሁሉ አድራሻ ሲቀያይሩ ነው የዋሉት» አሉ። «ለመሆኑ ማንን ነው አውርድ ያልሽው?» የመንዙማውን ነገር ነገረቻቸው። ሳቃቸው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ አለች። በሳምንቱ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወረች።

አዲሱን ሥራ የጀመረች ዕለት ማምሻውን፣ ከቢሮ ስመለስ ደረጃው ላይ ደረስኩባት። አብረን ወጣን። እትዬ ሸሪፋ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«ዛሬ እዚህ ነው የምታድሪው?» አሉ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«እዚሁ ነኝ፣ እማ።»

እኔ ሰላም ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ራት ሳቀርብ ከታች አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ እየፈራ የሚወጣ ድምፅ። እትዬ ሸሪፋ ናቸው፤ እያወረዱ ነው። መሃል ላይ ስንኙ ጠፋባቸው መሰለኝ ቆም አሉ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። የመኪያ ጭብጨባ ተከተለ።