የዳርሶኖ የልብ መቅጃ

ዳርሶኖ በሰማራንግ ወደብ ሃያ ስድስት ዓመት ክሬን ነድቷል። ፈረቃ የምንቀያየረው እኔና እሱ ነበርን። ከክሬኑ ወንበር ውጭ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ አይፈልግምም።

ባለፈው ክረምት ልቡ አመመው፤ ምቱ ይዘልላል፣ ይጣደፋል፣ ይንቀጠቀጣል። ዶክተር ራትናዋቲ በብሽሽቱ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብታ ምቱን የሚያናጋውን የልብ ሥጋ ተኮሰችለት። ከሆስፒታል ሲወጣም፣

«እስከ ሦስት ወር ሊዘልብዎት ይችላል፤ ቁስሉ እስኪሽር ነው፣ አይደንግጡ። የደም ማቅጠኛውን ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ» አለችው።

ወር ሲሞላው ደረቱ ላይ ትንሽ የልብ ምት መቅጃ ለጠፈችለት። ለሳምንት ነው፤ ልቡ ሲዘልበት ቁልፉን ይጫናል። ወደ ክሬኑ የሚመለሰው እሷ ስትፈርም ብቻ ስለሆነ፣ ዳርሶኖ አንዴም አልተጫነም።

ልጠይቀው ሄጄ አብረን ሩዝ ስንበላ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዘለለብህ እንዴ?»

«ቀስ በል፣ ሙርዋኒ እንዳትሰማ።» ሙርዋኒ ሚስቱ ናት።

«ተጫነው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ተጭኜ ወንበሬን ላስረክብህ? ቋምጠህ ቅር!»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሳምንቱ ሲያልቅ ዶክተሯ የመቅጃውን ወረቀት ዘረጋችለት። «ባይጫኑትም እኮ ሁሉን ይቀዳል። ማክሰኞ አራት ሰዓት ሙሉ ተናግቷል። በዚህ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ለምን ደበቁኝ?»

ፊርማው ለሦስተኛው ወር ተላለፈ።

ዳርሶኖ ግን ከክሬኑ ከቀረሁ ክኒን ምን ያደርግልኛል፣ አለቀልኝ አለ በልቡ። ሙርዋኒ ጠዋትና ማታ የደም ማቅጠኛውን ክኒን ታቀብለዋለች፤ እሱ ምላሱ ሥር ይይዝና በመስኮት ይተፋዋል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። «ሙር...» ብሎ ወደቀ። ልቡ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ ነበር።

«ክኒኑን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት!» ትል ነበር ሙርዋኒ ሆስፒታል ውስጥ፣ ላገኘችው ሁሉ። ቤት ስትመለስ ከመስኮቱ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ፣ ክኒኖቹን አገኘቻቸው። ጠርታ አሳየችኝ።

ሦስተኛው ወር ላይ መቅጃው እንደገና ተለጠፈለት። ሰባቱንም ቀን አንድ የተዛባ ምት አልተገኘም።

«ልቡስ ድኗል» አለች ዶክተሯ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

ዳርሶኖ ሊናገር አፉን ከፈተ። ድምፅ እንጂ ቃል አልወጣውም። ሙርዋኒ አገጩን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችለትና ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረችው።