እስከ መስቀል የተጠበቀ ሕመም

እህቴ ኑኃሚን ምን እንደምትሠራ እናታችን እስካሁን በቅጡ አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ኮምፒዩተር ላይ ነው» ብላ ትገላገላለች። አባታችን ሀብተጊዮርጊስ ግን ያውቃል። ጉድ የሠራንም ይኸው ማወቁ ነው።

ኑኃሚን ሦስተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ ኬፕታውን ውስጥ ተመራማሪ ናት፤ ፖስትዶክ ይሉታል። የምታጠናው የትልቁ አንጀት ካንሰርን ነው። መርፌ አትይዝም፣ በሽተኛም አታይም። ከስልሳ ሦስት ሰዎች ዕጢ የተገኘ መረጃ ኮምፒዩተሯ ውስጥ አለ፤ እሱን ስትለይና ስታመሳስል ትውላለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ለመስቀል መጥታ አገና ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ አባባ ጠየቃት።

«ለመሆኑ ዕጢውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ዕጢውን ብቻ አይደለም አባባ፣ ጎረቤቶቹንም ነው የማየው። በዙሪያው ያሉት ጤነኛ ህዋሳት ሊያጠፉት ሲገባ ዝም ይሉታል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ይቀልቡታል። ለምን ዝም እንደሚሉ ነው የምፈልገው።»

አባባ ይቺን ነገር ወደዳት። አገና ገበያ ጨርቅ ሻጭ ነው፤ በክንዱ እየለካ ለደንበኛው ሁሉ አወራት። እኔም ወልቂጤ ባጃጄ ላይ ለተሳፈረው ሁሉ አውርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ያለፈው የካቲት አባባ ሽንት ቤት ደም አየ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ያሳደገን ሰው ደበቀ። ጤና ጣቢያው ከቤቱ ሩቅ አይደለም። እሱ ግን ለማያውቀው ሰው ሱሪውን ከመፍታት ልጁን መጠበቅ መረጠ። ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ለመስቀል ትመጣ የለ? በስልክ እንዳይነግራት ደግሞ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። በየእሑዱ ስትደውል «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ በርቺ» ይላታል። እናቴ ሰኔ ላይ ደርሳበት ነበር፤ አስማላትና ዝም አለች። እኔ ደግሞ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼ «አባባ፣ ወደ ጉርምስና ተመለስክ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩበት። ያን ሳቄን ዛሬ መልሼ መዋጥ ብችል እወድ ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ኑኃሚን መጣች። በእርዱ ዕለት አባባ መረቀ፣ በሬው ታረደ፣ ክትፎው በጣባ ቀረበ። አባባ ጣባውን ሳይቀምስ ወደ እኔ ገፋው። ኑኃሚን አየችው። እንግዳው ሲበተን አባባ ሁለታችንንም ጓዳ ጠርቶ ሕመሙን ነገረን።

«ሰባት ወር ጠበቅኩሽ» አላት። ደስ ብሎት ነው የሚናገረው፣ አደራ በሰላም እንዳስረከበ ሰው። «በይ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ?»

«አባባ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም…»

«አውቃለሁ፣ አታክሚም። ግን በሽታውን ታውቂዋለሽ።»

አዲስ አበባ ወሰድነው። በካሜራ አንጀቱን አዩት፣ በሲቲ ስካንም ሆዱን አነሱት። ካንሰሩ ጉበቱ ድረስ ዘልቋል። ሐኪሙ እኔንና እህቴን ለብቻ ጠርቶ፣ መድኃኒቱ ጥቂት ሊያቆየው እንደሚችል፣ የሚመጣውን ክረምት መውጣቱን ግን እንደሚጠራጠር ነገረን። የካቲት ላይ ቢመጣ ኖሮ ብሎ ጀመረና ተወው። ኮሪደሩ ላይ ሰው እየሰማኝ «ይሄን ሁሉ ተምረሽ ምን ጠቀመን!» ብዬ ጮህኩባት። ቢጨንቀኝ ነው እንጂ በደሏ ምን ነበር?

አገና ከተመለስን በኋላ አባባ ኮምፒዩተሩን አሳዪኝ አላት። ስክሪኑ በባለቀለም ነጥቦች ተሞላ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ነው?»

«እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ህዋስ ነው አባባ።»

«ዝም ያሉት የትኞቹ ናቸው?»

ሰማያዊዎቹን በጣቷ አሳየችው። ብዙ ነበሩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

«ከስልሳ ሦስቱ ስንቱ ዳነ?»

«እሱ እዚህ አልተጻፈም» አለችው። ተጽፎ ነበር። ኋላ ለእኔ ነገረችኝ፤ እንደ አባባ ጉበታቸው ድረስ የደረሰባቸውን በስም ባታውቃቸውም በመለያ ቁጥራቸው አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች።

ጥቅምት ላይ ፈቃዷ አለቀ። እቀራለሁ ብላ ብትለምነውም አባባ ሊሰማት አልፈለገም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጇን ያዛት።

«ሥራሽን ጨርሺው። እኔ እንደሆነ መጠበቅ ለምጃለሁ። ለመስቀል የደረስሽበትን ይዘሽ ነይ።»

ኑኃሚን እኔን አየችኝ። ከዚያ «እሺ አባባ» አለችው፣ መኪናውም ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ክንዴን ተደግፎ እየሄደ ድንገት ቆመ።

«ለመስቀል ስንት ወር ቀረው?»

በጣቴ ቆጠርኩለት። «አሥራ አንድ» አልኩት።

«ይቻላል» አለኝ።