የጎደሬው ቅጠልና የጸሐይወርቅ ኮንትራት

ሰው ሲያማክረኝ ደስ ይለኛል፤ በሽታዬ ይኸው ነው። ዴንሃግ ውስጥ አንድ ሆቴል ድስት አጣቢ ሆኜ ስሠራ ጸሐይወርቅን የጎዳኋት በዚሁ በሽታዬ ነው።

ጸሐይወርቅ የወላይታ ሶዶ ልጅ ናት። እዚያው ሆቴል አትክልት ትከትፍ ነበር። ሶዶ ትታት የመጣችው ረሆቦት የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። እሷን ለማምጣት የአንድ ዓመት የሥራ ኮንትራት ማሳየት ነበረባት፤ ማመልከቻውም ረሆቦት አሥራ ስምንት ሳይሞላት መግባት አለበት። በፈረንጆቹ 2005 ነው፤ የቀራት አንድ ወር ብቻ። ሼፉ «ሰኞ እንፈራረማለን» ብሏታል።

ከሰኞ በፊት የሃዋይ ጉድ መጣ። አንድ የጉዞ ድርጅት ሃዋይ ለሚሄዱ ደንበኞቹ የአገሩን ባህላዊ ምግብ አስቀድሞ ሊያስቀምሳቸው አዳራሻችንን ተከራየ። ሼፉ ምናሌውን ከኮምፒውተር አትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፦ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር የታሸ ሳልሞን፣ ከኮኮናት ወተት የረጋ ጣፋጭ፣ የአናናስና የዘይቱን ጭማቂ፣ ፖይ የሚሉት የተወቀጠ ሥር፣ ላውላው የሚሉት በቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ። ቅዳሜ ጠዋት ሥሩና ቅጠሉ በካርቶን ሲመጣ ጸሐይወርቅ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ጋሼ አድማሴ፣ ጎደሬ እኮ ነው! የኛ ጎደሬ!» አለችኝ። ሮጣ ሄዳ ለሼፉም «ይሄን በልቼ ነው ያደግሁት» አለችው። «እንግዲያው ቅጠሉን አንቺ ሥሪው» ብሎ የሚበስልበትን ሰዓት የጻፈበትን ወረቀት ሰጣት።

ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ መጣች፤ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ይላል። በደንብ ካልበሰለ እኮ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ልንገረው እንዴ?»

በዚያው ሳምንት አንዲት ፖላንዳዊት ሠራተኛ «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» ስላለችው ሼፉ የሥራ ሰዓት ሲቀንስባት አይቻለሁ።

«አንቺ ሴት፣ ከነገ ወዲያ ሊፈርምልሽ ነው! ዝም አይነቅዝም» አልኳት።

«ሰው ቢያመውስ?»

«ቢያሳክከው ነው፣ አይሞት! የፈረንጅ ጉሮሮ ነው ወይስ ልጅሽ የምትበልጥብሽ?»

አፌን በቆረጠው! ጸሐይወርቅ ቅጠሉን ሃያ ደቂቃ አበሰለችው።

ምሳ ላይ ሰማንያ የሚሆኑ እንግዶች አንገታቸው ላይ አበባ አጥልቀው ተቀመጡ። ላውላው ከቀረበ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹ ሳል በሳል ሆነ። አንዲት ሴትዮ ጉሮሮዋን ይዛ እያለቀሰች ወጣች።

ሰኞ ሼፉ ሲጠራት «ጋሼ፣ አብረውኝ ይግቡ» አለችኝ፤ ገባሁ።

«በልተሽው አድገሻል። በሃያ ደቂቃ እንደማይበስል አታውቂም ነበር?» አላት።

ጸሐይወርቅ መዋሸት አትችልበትም። «አውቅ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። «ፈርቼ» አለች።

«ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። የራሴ ኮንትራት ትዝ አለኝ። ይሄን ሽበት ተሸክሜ፣ ዕቃ እንደወደቀበት ሰው መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። ሼፉ «እያወቀ ዝም የሚል ሰው አልፈልግም» አላትና ኮንትራቱን ሳይፈርም አጠፈው። ልትወጣ ስትል እስክሪብቶውን አነሳ።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው የሚበስለው?»

«ከሁለት ሰዓት በላይ» አለችው። ጻፈው።

ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ እስክታገኝ ሦስት ወር ፈጀባት። ረሆቦት አሥራ ስምንት ሞላት፤ በሩ ተዘጋ። በዓመቱ የጉዞ ድርጅቱ ተመልሶ መጣ። ላውላው ሦስት ሰዓት በሰለ፤ እንግዶቹ ወደውት አጨበጨቡ፤ እኔ ድስቱን አጠብኩ።

ጸሐይወርቅ አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ረሆቦት በሱዳን በኩል፣ በባሕር ልምጣ እያለች ነው። እርስዎ ይምከሩኝ እንጂ፤ ምን ልበላት?»