እስከ ማታ ምንም አይብሉ

የጥርስ ሕክምና መምህር የሰው ፊት ማየት ቶሎ ይረሳል፤ ሥራው አፍ ውስጥ ነው።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና ተማሪም መምህርም ወደ ገጠር ተላክን። የጥርስ ሕክምና አብረን ከምናስተምረው ባልደረባዬና ከጥቂት ተማሪዎቻችን ጋር መካነ ሰላም ደረሰን። የወሎ ሰው በረሃብ እያለቀ እኛን ጥርስ ንቀሉ አሉን። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ እንስቅ ነበር፤ በኋላ መሳቁንም ተውነው። ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ዳር ሬሳ ሲነሣ እያየሁ ሻዬን እጠጣ ነበር። ሻዩ ስኳር እንዳነሰው ሳይቀር ልብ እል ነበር።

ባልደረባዬ ከእኔ የሚሻል ይመስለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ተማሪዎቹን ከብቦ መርፌው እንዲህ፣ ጉጠቱ እንዲህ እያለ ያሳያቸዋል። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ለታማሚው የሚሰጠውንም ምክር አያዛንፍም፤ ጥጡን ይንከሱ፣ አይትፉ፣ እስከ ማታ ምንም አይብሉ። ዓመታት ስላስተማረው አፉ ብቻውን ይናገረዋል።

አንድ ቀን ከከላላ በእግራቸው ለመጡ አንዲት የቄስ ሚስት ጥርስ ነቀለላቸው። አንዱ ጉንጫቸው አብጦ ሌላው አጥንቱ ላይ ተለጥፏል። ምክሩን በጥሞና ሰምተው፣ እጅ ነስተው ወጡ። ከሰዓት በኋላ የእርዳታ ገንፎ ሲታደል ከሰልፉ ራቅ ብለው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተቀምጠው አየናቸው። ባልደረባዬ ለምን እንዳልተሰለፉ ጠየቃቸው።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ እስከ ማታ ምንም አይብሉ ያሉኝ?» አሉት። ቅያሜ አልነበረባቸውም። «እኛ ከጾም ጋር ነው ያደግን፤ አያስቸግረኝም።»

ወደ ድስቱ ዞረ። ድስቱ እየተፋቀ ነበር። ወደ ማደሪያችን ሮጦ የእኛን ዳቦ ይዞ ሲመለስ ሴትዮዋ ከአገራቸው ሰዎች ጋር ሄደዋል። በመንገዱ ተከትሎ አጣቸው። ሲመሽ ዳቦውን እንደያዘ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እኔ ግማሹን ቆርሼ በላሁ። ርቦኝ ነበር፤ ከዚያ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ሁለታችንም ወደ ማስተማራችን ተመለስን። ስለ መካነ ሰላም አናወራም ነበር። ሰው ሲጠይቀን ደህና ነን እንላለን፤ መምህር ሌላ ምን ይላል? እኔማ በእርግጥም ደህና ነበርኩ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፈተና አርማለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ እንኳ ለቀስተኛውን ቆሜ ያስተናገድኩት እኔ ነኝ፤ ጠንካራ ነው ተባለልኝ።

አንድ ዓመት የቃል ፈተና ስንፈትን ተማሪው ምክሩን እንደ ዳዊት ወረደው፤ ጥጡን ይንከሱ፣ አይትፉ፣ እስከ ማታ ምንም አይብሉ። ሙሉ ነጥብ ልሰጠው እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ባልደረባዬ ግን ምክሩን ከመስጠትህ በፊት ታማሚውን ምን እንደምትጠይቅ ንገረኝ አለው። ተማሪው ግራ ገባው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አስተምረነው አናውቅም።

«ዛሬ እህል ቀምሰዋል ወይ ብለህ ጠይቅ» አለው። መነጽሩን አውልቆ ተማሪው ፊት አለቀሰ።

ተማሪውን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የእኔም እንባ እንዲመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቀናሁበት።