ሁመድ እጁን ሳያነሳ

ጀልባ ነጂ ሆኜ የተቀጠርኩት በውሸት ነው። ከሰመራ ወጣ ብሎ ባለው የግድብ ሐይቅ ዳር ሐጂ ይመር የሚባሉ የወሎ ሰው መዝናኛ ከፍተው ነጂ እንደሚፈልጉ ሎግያ ላይ ሰማሁ። አሥራ ስምንት ዓመት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ወገቤ እምቢ ብሎኝ ሥራ ከፈታሁ ሰንብቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሐጂ መንጃ ፈቃዴን አገላብጠው አዩና "መዋኘትስ?" አሉኝ።

"እንደ ዓሣ ነዋ፣ ሐጂ!" አልኩ። ከዚያ ቀን በፊት ከጉልበቴ በላይ ውሃ ነክቶኝ አያውቅም።

ሥራው ሰው መጎተት ነው። ዌክቦርድ ይሉታል፤ እኛ "ጣውላው" እንለው ነበር። ተማሪው ጣውላው ላይ በተጣበቁት ጫማዎች እግሩን ያስገባል፣ ውሃው ላይ ይንጋለላል፣ የገመዱን እጀታ ይይዛል፤ ጀልባው ሲጎትተው ይነሳል። እንግዲህ ከተነሳ ነው።

ከናይሮቢ የመጣ አሰልጣኝ ሁለት ሳምንት አስተማረን፤ እኔንና ሁመድን። ሁመድ የዚያው አካባቢ አፋር ነው። በእኔ ዕድሜ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር፣ አዋሽ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ። የእሱ ሥራ ጀልባው ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተማሪውን ማየት ነው። ተማሪው ተዘጋጅቶ ገመዱ ሲወጠር ሁመድ እጁን ያነሳል። እሱ እጁን ሳያነሳ ነጂው ጋዝ አይነካም። አሰልጣኙ ይህቺን ሕግ በየቀኑ ያስደግመን ነበር።

እኛንም ጣውላው ላይ አወጣን። ጉልበትን ደረት ላይ አጥፎ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ ጀልባውን መጠበቅ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ ግን እጀታውን ወደ ራሴ እስባለሁ፤ በሳብኩ ቁጥር በአፍንጫዬ እደፋለሁ። "አትሳብ! ጀልባው ያቆምሃል!" ይላል አሰልጣኙ። ሁመድ በሦስተኛው ሙከራ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ በአሥራ አንደኛው ግማሽ ቆምኩ፤ እሱም ከተቆጠረ።

የተንሳፈፍኩት በላይፍ ጃኬቱ ነው። ሌላው ሰው አላወቀም፣ ሁመድ ግን ነቅቶብኛል። አንድ ቀን ጀልባውን ስናስር፦

"ካፒቴን፣ አንተ ዋና አታውቅም" አለኝ።

"ማን? እኔ?"

"ጃኬትህን ሳታስር እግርህን እንኳ አትነክርም።"

አፈርኩ። ዛሬውኑ ለሐጂ ይነግርብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልነገረብኝም። ይልቅ አንድ ወር ሙሉ በየማለዳው፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ወስዶ አስተማረኝ። መዳፉን ከጀርባዬ ሥር አድርጎ "ውሃውን አትታገለው" ይለኛል። አዞስ ስለው "አዞው ማዶ ነው፤ አንተም አጥንት ብቻ ነህ" ይላል። ዋና ያወቅሁት በእሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ሲስተር ሰላማዊት መጣች። ሰመራ የምትሠራ ነርስ ናት። ጣውላው ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፈርታለች፣ ደግሞም ቋምጣለች። ቀኑ ተጋምሷል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ተራ የሚጠብቁት እንግዶች ተቁነጥንጠዋል፤ ሐጂም ከዳር ሆነው "ቶሎ በሉ እንጂ!" ይላሉ።

ሲስተር ሁለቴ ወደቀች። ለሦስተኛው ስትዘጋጅ ጣውላው ተገለበጠባት። ለማስተካከል ጎንበስ ስትል የላላው ገመድ ክንዷ ላይ ተጠመጠመ። ሁመድ ይህን እያየ ነበር። እኔ አላየሁም፤ የማየው ወደ ፊት ነው።

አሸዋ የያዘው መኪና በገመድ ስናወጣ፣ ገመዱ ላልቶ ሳለ ነጠቅ ማድረግ የእኛ የሹፌሮች ልማድ ነው። እጄ የሚያውቀው እሱን ነው። የሁመድን እጅ ዞር ብዬ ሳላይ ነጠቅ አደረግሁት።

"ቁም!" አለ ሁመድ። ሲስተር ጮኸች። ሞተሩን ሳጠፋ ሁመድ ዘሎ ገብቶ ይዟታል። ትከሻዋ ወልቋል።

እሷን በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ከላኩ በኋላ ሐጂ ሁለታችንንም አቆሙን። ፊታቸው ጠቁሯል። "ወላሂ፣ ዛሬ አንዳችሁ ከዚህ ትወጣላችሁ። ሁመድ፣ እጅህን አንስተሃል?"

ሁመድ ወደ እኔ ዞረ። እኔን አየኝ። "ካፒቴን ይናገር" አለ።

ስለ እኔ የሚናገረው ሞልቶት ነበር፤ ዋና ሳላውቅ ከመቀጠሬ ሊጀምር ይችል ነበር። የልጆቼ እንጀራ ትዝ አለኝ ብል ደስ ባለኝ። ትዝ ያለኝ ግን በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት መዋረዴ ብቻ ነው።

"አንስቷል" አልኩ።

ሁመድ ላይፍ ጃኬቱን አወለቀ፣ ውሃውን አራግፎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለውና ሄደ። ምነው በሰደበኝ!

አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ያየኸውንና የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ፤ ያኛውም የራሱን ይነግርሃል። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ከሁመድ ጋር ስሠራ እኔንም ይጠይቁኝ ነበር፤ የጅቡቲ መንገድ ወሬ አላጣም፣ ደስም ይለኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን እጄን ጨብጠው፣ ደህንነቴን ጠይቀው ያልፋሉ። አጠገቤ ቆመው ሌላውን "ምን ሰማህ?" ይሉታል፤ እኔን የሚጠይቅ ጠፋ።

ስምንት ወር ቻልኩት። አንድ ቀን ሎግያ ገበያ ላይ ሲስተርን አገኘኋት። ድናለች፤ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። "ያ ከውሃ ያወጣኝ ሰውዬስ ደህና ነው? ሳላመሰግነው ቀረሁ" አለችኝ።

"ለቀቀ" አልኳት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከገበያው በቀጥታ ወደ ሐጂ ሄድኩ። "ሐጂ፣ ሁመድ ያን ቀን እጁን አላነሳም። ሳላይ የነካሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። "በሳምንቱ ሰምቻለሁ። ሌላ ነጂ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ለእሱም ተመለስ ብዬ ሰው ልኬበት ነበር፤ እምቢ አለ።"

ሁመድ በጅቡቲ መንገድ ላይ ዲቾቶ ከተማ የመኪና ማቆሚያ እንደሚጠብቅ ነገሩኝ። በማግስቱ ሄድኩ። በአንድ ተሳቢ ጥላ ሥር ከአራት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። ተነስቶ ጨበጠኝ፣ ቦታ ለቀቀልኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። ከዚያ "ካፒቴን፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?" አለኝ። ስምንት ወር ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

በሰዎቹ ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። ገመዱን፣ ነጠቅ ማድረጌን፣ "አንስቷል" ማለቴን፣ ዋና ሳላውቅ መቀጠሬን ሳይቀር። ሁመድ አንዴም ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"ይህን ሰምተነዋል" አለ። "ሌላስ?"

ያመጣሁት ዳጉ ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱም ስምንት ወር ዘግይቷል።

አሁን ጀልባውን ለሌላ አስረክቤያለሁ። አዲስ ነጂ ሲገባ የምነግረው ይህንኑ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው እጁን ሳያነሳ ጋዝ አትንካ። ከነካህ ደግሞ ነካሁ በል፤ በዚያው ቀን።