የማይንቀጠቀጥ እጅ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «መስመር» ነበር የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ማጅራት ላይ ምላጭ ሲያሳርፍ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ስኪዞፍሬኒያ የሚሉት በሽታ ከያዘው በኋላ ግን ያው ሰፈር ሌላ ስም አወጣለት። ያን ስም እኔ ከአፌ አላወጣውም።

ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ በጆሮው ይሰማቸው የነበሩት ድምፆች ዝም ብለውለት ነበር። ይተኛል፣ ይበላል፣ ያዋራኛል። መድኃኒቱ ግን እጁን ያንቀጠቅጠዋል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ስለሆነ አላባረረውም፤ ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈና መጥረጊያ ሰጠው። እንግዲህ መስመር ሌላው የቆረጠውን ፀጉር ይጠርጋል፣ እኔ የማጥባቸውን ፎጣዎች ያጣጥፋል። ፎጣ ላደርስ ስሄድ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር አየዋለሁ።

የባሰው አባታችን ነው። ድሮ ከልጁ በቀር ጺሙን ማንንም አስነክቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ገብቶ ይላጫል። ልጁ በመስኮት እያየው! አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ተጣላሁት።

«እጁ ይቁምና ያን ጊዜ እቀመጥለታለሁ» አለኝ።

መስመር በር ላይ ቆሞ ሰማ። ገብቶ ተኛ።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ አንድ ብቻ ሆነ፤ አባዬን ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ። ለማጅ ፀጉር አስተካካዮች እንደሚያደርጉት ፊኛ ይነፋል፣ አረፋ ይቀባዋል፣ እቤት ባለ አሮጌ ምላጭ ይላጨዋል። ይፈነዳል። ሌላ ይነፋል። ጎረቤቶቻችን በየቀኑ ልደት የምናከብር ሳይመስላቸው አልቀረም። የፀጉር ቤቱ ባለቤትም ይመጣና አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

አንድ ሳምንት ፊኛው መፈንዳት ተወ። እጁ ድንጋይ ሆነ። ባለቤቱ መሳቢያውን ከፈተለት፤ አባዬም ቃሉን ጠብቆ መጣና ወንበሩ ላይ አንገቱን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። መስመር ትንፋሹን ውጦ ላጨው። አንዲት ጭረት እንኳ የለችም።

«ይኸው፣ እጁ ተመለሰ» አለ አባዬ ጉንጩን እየዳበሰ። ወንድሜ ሳቀ። እኔማ ከደስታ ብዛት ፎጣዎቹን ታቅፌ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ በነዚያው ፎጣዎች የፀጉር ቤቱን መስታወቶች ይሸፍን ጀመር። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች አባዬን ሊገድሉት እየተማከሩ ነው አለኝ፣ በጆሮዬ። ምግብ ተወ። እንቅልፍ ተወ። ሆስፒታል ይዘነው ሄድን።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «እጁ መንቀጥቀጥ ያቆመው መቼ ነው?» ብላ ነው። አባዬ አቀረቀረ። ለካ ልጁ እጁ እንዲቆም ብሎ መድኃኒቱን ትቶታል። እኛ ደግሞ አጨብጭበንለታል።

ሁለተኛው ሕክምና እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ሲወጣ ከስቷል፣ ወሬ ጀምሮ መሀል ላይ ይጠፋበታል፣ የሚወደው ቀልድ አያስቀውም። እውነቱን ልናገር፣ የሄደው ወንድሜ ግማሹ አልተመለሰም። እጁ ብቻ እንደገና ይንቀጠቀጣል። አባዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጺሙን ምላጭ አላስነካም፤ ደረቱ ደርሷል።

መስመር ወደ መጥረጊያው በተመለሰ ሰሞን አባዬ ፀጉር ቤቱ ገብቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ እጄ እኮ ይንቀጠቀጣል» አለው ወንድሜ ወደኋላ እያለ።

«አይቻለሁ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ካልተንቀጠቀጠ አልቀመጥም።»

ባለቤቱ ምላጩን ትቶ የፀጉር መቁረጫውን ቶንዶስ አቀበለው። መስመር ጺሙን እዚህ ጎርዶ እዚያ ተወው፣ ቶንዶሱም የአባዬን ጆሮ ሁለቴ ነከሰው። አባዬ ንቅንቅ አላለም፤ እንባው ብቻ በጉንጩ ይወርዳል። ሲጨርስለት አባዬ ያንኑ የተጎራረደ ጺም ይዞ፣ በማዶው ፀጉር ቤት በር ላይ እያለፈ፣ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሻይ ስንጠጣ አባዬ ከልጁ እጅ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ሻዩ ከብርጭቆው ጠብ ጠብ ሲል «ተመስገን» ይልና የራሱን ያነሳል።